እንደ አለቃው ምንዝሩ
(ለገብር ኄር ሰንበት የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመን ሆይ፣ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል። በዚህ ዕለት መክሊት የተቀበሉትን አገልጋዮች ታሪክ እንሰማለን (ማቴ. 25፥14-30)። ብዙዎቻችን «እኔ ምን ሥልጣን አለኝና?» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ሁለት የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ አጥር የሚያሳጥረው፣ የዕድር ዳኛው፣ የሰበካ ጉባኤ ተመራጩ፣ ሠራተኛ ያላት እመቤት፣ ሁሉም ከበታቹ ሰው አለው። ያ ሰው ደግሞ ከምንናገረው ይልቅ የምናደርገውን ያያል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ላስታ ውስጥ አለ። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ የዛጔ ንጉሥ ነው። በሮሃ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ስለ ማነጹ ስንሰማ የመላእክቱን ርዳታ እናስታውሳለን፤ ገድሉ የሚተርከውን አንድ ሌላ ነገር ግን እንዘነጋለን። ንጉሡ ሥራው ሳይጀመር ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ድንጋይ የሚፈልጠውም ሆነ አፈር የሚያወጣው፣ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ደመወዝ በገዛ አፉ እንዲናገር አደረገ። ምክንያቱንም ነገራቸው፤ በግድ ሠራሁ፣ ያለ ዋጋ ደከምኩ ብሎ የሚያጉረመርም እንዳይኖር ነው። ከዚያም ሕንፃው ከተጀመረበት እስከ ተፈጸመበት ድረስ እንደ ቃላቸው ከፈላቸው።

እስቲ ልብ እንበል። ንጉሥ ነው፤ «የእግዚአብሔር ቤት ነውና በነጻ ሥሩ» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን የእግዚአብሔርን ስም የሰው ላብ መብሊያ አላደረገውም። ዛሬ «የበረከት ሥራ ነው» እየተባለ የድኻው ገንዘብ ሲዘገይ እናይ የለም እንዴ?

ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ አንዳንዱ ችሎ ይኖራል። ሌላው ግን ሲሚንቶውን ይሸጣል፣ ሰዓት ይሰርቃል፣ «እነሱስ ይበሉ የለ?» ይላል። ኃጢአቱ የራሱ ነው፤ በሩን የከፈተለት ግን አለቃው ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሐሰትን የሚያዳምጥ ገዢ ሎሌዎቹ ሁሉ ዐመፀኞች እንደሚሆኑበት ያስተምራል (ምሳ. 29፥12)። አለቃው ወሬ አቀባዩን ሲያስጠጋ፣ ጉድለቱን የነገረውን ሲያርቅ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ውሸት ይማራል። «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» የተባለው ለዚህ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳል። ሌላ ሕንፃ ከመሠረት ወደ ላይ ይሠራል፤ ይህ ግን ከአንድ ዓለት፣ ከጣራው ተጀምሮ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ያለ ቦታው የተቆረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልም። አመራርም እንዲሁ ከላይ ከጠመመ እስከ ታች ጠምሞ ይወርዳል።

ታዲያ ደግ አለቃ ማለት ዝም ባይ ማለት አይደለም። በወንጌሉ ጌታው ሒሳብ ጠይቋል፤ መክሊቱን የቀበረውንም አላለፈውም። ሁሉን ዝም የሚል አለቃ ሰነፉን ያበረታል፣ ታታሪውን ያሳዝናል። የሚያስፈራራ አለቃ ደግሞ ፊት ለፊት «እሺ» እያለ ከኋላ የሚሰርቅ ሰው ያፈራል። አስቀድሞ የሚስማማ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ከዚያም ሒሳብ የሚጠይቅ፣ የራሱንም ሒሳብ የሚያሳይ አለቃ ግን ታማኞችን ያፈራል።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ይህ ጾም ሳይፈጸም ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የዘገየ ደመወዝ ካለ ዛሬውኑ እንክፈል፤ እየጾሙ ሠራተኛ ማስጨነቅን ነቢዩ ኢሳይያስ ነቅፎታል (ኢሳ. 58፥3)፤ የተከለከለ ደመወዝም ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)። ሁለተኛ፣ የዕድርም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በእጃችን ካለ ሳንጠየቅ ደረሰኙን እናቅርብ። ሦስተኛ፣ ከበታቻችን ያለውን ሰው «የበደልኩህ ነገር አለ ወይ?» እንበለው፤ ሲናገርም አንቆጣ።

በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን። ጌታችን ለአለቃ ያስተማረው ሥርዓት ይህ ነው (ዮሐ. 13፥12-15)። ከዚያ ቀን በፊት እኛም ዝቅ እንበል። እንደ ገብር ኄር በጥቂቱ ታምነን እንድንገኝ አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።