ስለ አዋጅና ስለ ሕዝብ ስብሰባ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚሰማው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት በቆዳ የተለበጠ ከበሮ ነው፤ ስሙም መንገር ከሚለው ጋራ አንድ ሥር አለው። በገበያ ቀን ሰው ተሰብስቦ ሳለ ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ሕዝቡም ዝም ሲል አዋጅ ነጋሪው የታዘዘውን ከፍ ባለ ድምፅ ይናገራል። ገበያተኛውም ከጨውና ከበርበሬ ጋራ አዋጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ለጎረቤቱም ይነግራል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ መባሉ ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ አዋጅ በወረቀት እየታተመ ይወጣ ጀመር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ከበሮው ቀረ፥ ስሙ ግን አልቀረም፤ ዛሬም የፌዴራል መንግሥት ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ በዚሁ ስም ይጠራል። ነገር ግን ከበሮና ወረቀት አንድ አይደሉም። ከበሮ የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ወረቀት አንባቢ እስኪመጣለት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ለሕዝብ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው አስተዳደር ቀበሌ ነው። የገበሬዎችና የከተማ ነዋሪዎች የቀበሌ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች ተቋቋሙ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በ50ኛው አንቀጽ፥ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኞቹ የአስተዳደር ክፍሎች በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ያዛል፤ በ43ኛው አንቀጽም፥ ኅብረተሰቡን በሚመለከት ሥራ ላይ ሰዎች አሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷቸዋል። በቀድሞ ጊዜ የአገር ሰው ሌባ ለማውጣት አፈርሳታ ሲቀመጥ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍል ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ መቀጫውን በሌላ መንገድ ይከፍላል፤ ይህም በሚከተለው ምሳሌ ይታያል።

በአንድ የደጋ ቀበሌ ከተራራው ምንጭ ውሃ በቧንቧ ተስቦ ቦኖ ሊተከል ሆነ። ሊቀ መንበሩም ሕዝቡ ቦታውን ይምረጥ ብሎ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ወረቀቱ 15 ቀን ቆየ። ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች አይተው አለፉ፤ እያንዳንዱም ሌላው ይናገር አለ። በቀጠሮው ቀን የመጡት 9 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የዘጠኙም ቤት በመንገዱ ዳር ነው። ክፋት አስበው ሳይሆን የሚያውቁት የራሳቸውን ሰፈር ስለ ሆነ፥ ቦኖው በመንገዱ ዳር እንዲቆም ወሰኑ፤ ቃለ ጉባኤም ተጽፎ ተፈረመ።

የላይ ሰፈር ሴቶች ቧንቧው ሲቀበር ባዩ ጊዜ አዘኑ። ወደ ቦኖው ወርዶ እንስራ አዝሎ መመለስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበርና። ሄደውም ሊቀ መንበሩን «ስለ ምን ሳትነግሩን ወሰናችሁ?» አሉት። እርሱም ቃለ ጉባኤውን አሳይቶ «ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር፤ እናንተ ቀራችሁ» አላቸው። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ፊደል ላልቈጠረ ሰው የተለጠፈ ወረቀት ከባዶ ግድግዳ አይለይምና።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆማ አነበበችው። የወረዳው ሹማምንት ስለሚመጣው ዓመት ሥራ ከሕዝቡ ጋራ ሊመክሩ፥ ከ10 ቀን በኋላ ቅዳሜ በ3 ሰዓት እንደሚመጡ ይናገር ነበር። ልጅቱ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተርዋ ገለበጠች፤ ለአያትዋም አነበበችላት። አያትዋም «እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ፥ ልጄ» አለቻት፤ ሁለተኛም ከሰማች በኋላ «እሑድ በእድሩ ፊት ታነቢዋለሽ» አለች። የእድሩ ዳኛም ፈቀደላትና አነበበች።

ቅዳሜ የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ወረደ። ቤቱ ስላልበቃ ስብሰባው በወይራው ጥላ ሥር ሆነ። አሮጊቲቱ ተነሥታ «ባለፈው ዓመት አልተጠራንም አልልም፥ ልጆቼ። ወረቀቱ ጠርቶን ነበር፤ እኛ ግን የወረቀት ቋንቋ አናውቅም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ እቀዳለሁ» አለች። አንድ ጎልማሳ ለመጀመሪያው ቦኖ የወጣው ገንዘብ ይነበብልን ብሎ ጠየቀ፤ ተነበበ። ሹማምንቱም ቧንቧ ለመግዛት እንጂ ቦይ ለማስቈፈር ገንዘብ እንደሌለ በግልጽ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች «ግብር ከፍለን ደግሞ እንቈፍራለን?» አሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ጥያቄ ነው። እስከ 6 ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ፥ ከየቤቱ አንድ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሊቈፍር ተስማሙ፤ ለውሃ ኮሚቴውም ሁለት ሴቶችን መረጡ። ልጅቱ ስትሰማ፥ ስማቸው በቃለ ጉባኤው ተጻፈ።

ቦዩ ክረምት ሳይገባ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ማስታወቂያ በሁለት ቦታ ይለጠፋል፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ በር፥ ሁለተኛው ሴቶች ተራ በሚጠብቁበት በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። በወፍጮ ቤቱ ያለውን በገበያ ቀን ተማሪዎች በየተራ ቆመው ያነቡታል።