ስለ ትንሿ ጐምዛዛ ፖም

በእንግሊዝ አገር የብዙ ሰው የአትክልት ቦታ ጠባብ ነው፤ ትልቅ ዛፍ ሊበቅልበት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎች ለጌጥ የምትሆነውን ትንሿን ፖም ይተክላሉ። ይህች ዛፍ ለመብል ከሚሆነው ፖም ጋር ዘመዳሞች ናት፤ ቁመቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሜትር ነው። ፍሬዋም ከ5 ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ አንዳንዱም ዓይነት ሽምብራ ያህል ብቻ ነው። በሚያዝያ ወር እንቡጧ ቀላ ብሎ ይታያል፤ በፈነዳም ጊዜ ነጭ ይሆናል፤ ንቦችም ይሰበሰቡባታል።

ዘሯን የዘራ ሰው እናቲቱን የምትመስል ዛፍ አያገኝም። ስለዚህ ባለሙያዎች ቀንበጧን ቈርጠው ከሌላ የፖም ሥር ጋር አጋጥመው ያስሩታል፤ ሁለቱም ተጣብቀው አንድ ዛፍ ይሆናሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮም ሰዎች በጻፈው መልእክት በወይራ የመሰለው ይህን የመሰለ ሥራ ነው።

የምትተከልበትም ጊዜ ቅጠሏን አርግፋ ሳለች፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ብዙ ሰው ጕድጓድ አጥልቆ መቈፈር ትጋት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ከሥሯ ሊበልጥ አይገባም፤ ስፋቱ ግን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። ቀንበጡና ሥሩ የተጋጠሙበት ስፍራ ከአፈር በላይ ይቅር፤ ከተቀበረ ቀንበጡ የራሱን ሥር ያወጣና ዛፏ ለጠባብ ቦታ የማትመች ትልቅ ዛፍ ትሆናለች። ነፋስ እንዳያነቃንቃት በእንጨት ትደገፍ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በበጋ ውኃ ትጠጣ፤ ሣርም በግንዷ ዙሪያ አይብቀል፤ ሣር ውኃዋን ይሻማታልና። ከሥሯ አጠገብ የሚወጣውን ቡቃያ ሳይራሩ መንቀል ይገባል፤ ያ ቡቃያ የሌላው ዛፍ ነውና ቢተዉት የተከሉትን ያንቀዋል። የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማራቅም መልካም ነው፤ ቅጠልንና ፍሬን የሚያጠቍር በሽታ በእርሱ ውስጥ ይከርማልና።

የፖም ዘር ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። በኢትዮጵያም ሚሲዮናውያን ያመጡት ፖም በጋሞ ደጋ በጨንቻ የበቀለው ስለዚህ ነው፤ በቆላ ግን አይሆንለትም።

የትንሿ ፖም ፍሬ ጥሬውን ሲበሉት እጅግ ይጐመዝዛል። ነገር ግን ከስኳር ጋር ሲቀቅሉት ጭማቂው ይረጋል፤ ከዳቦም ጋር ይበላል። በ1875 ዓ.ም. በፈረንጆች ቍጥር የተገኘው ጆን ዳውኒ የሚባለው ዓይነት ለዚህ የተመሰገነ ነው። በዛፉ ላይ የቀረውንም በክረምት ብርድ ወፎች ይለቅሙታል።

አንድ ሰው በቦታው አንዲት የሚበላ ፖምና አንዲት ጐምዛዛ ፖም ነበሩት። ጐምዛዛዪቱን ቀምሶ ተፋና፥ «ይህች በከንቱ መሬት ይዛለች» ብሎ በመጥረቢያ ቈረጣት። በሚመጣው ዓመት መልካሚቱ ፖም እንደ ልማዷ አበበች፤ ነገር ግን አበባዋ ረገፈ፤ ፍሬዋም ከጥቂት በቀር አልታየም። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ ሆነ። ሰውየውም ወደ ሽማግሌ ጎረቤቱ ሄዶ፥ «አባቴ፥ ዛፌ ታመመችብኝ» አለው።

ሽማግሌውም ዛፏን አይቶ፥ «ልጄ፥ አልታመመችም። ፖም በገዛ አበባዋ ብናኝ ብቻ አዘውትራ አታፈራም፤ ንብ ከሌላ ዓይነት ፖም ብናኝ ታመጣላት ነበር። ያችን ሌላዪቱን ቈረጥሃት» አለው።

ሰውየውም በኅዳር ወር ሌላ ጐምዛዛ ፖም ገዝቶ በአሮጌው ጕቶ አጠገብ ተከለ፤ አበባዋንም እስኪያይ ድረስ ሦስት ዓመት ጠበቀ።