የቻይና ጎመን በጁባ ጓሮ፤ ቅጠሉና ዘሩ

የቻይና ጎመን ቅጠሉ ረዘም ያለና ለስላሳ፥ ሲበስልም ፈጥኖ የሚላላ አትክልት ነው። ከጥንት ጀምሮ ከገበሬ ወደ ገበሬ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ዓይነት፥ ዘሩ በጥንቃቄ የተወሰደ እንደ ሆነ በሚከተለው ዓመት እናቱን መስሎ ይበቅላል። ነጋዴ የሚሸጠው የተዳቀለ ዘር ግን ልጁ እናቱን ስለማይመስል፥ አትክልተኛው በየዓመቱ አዲስ ዘር እንዲገዛ ያስገድደዋል።

ይህ ልዩነት ለጁባ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም። በከተማው ገበያ ከሚሸጠው አትክልት ብዙው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል ተጭኖ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጁባና የኒሙሌ መንገድ አስፋልት በመሆኑ ጉዞው አጥሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ በ2016 በጁባ ውጊያ ከተነሣ በኋላ በዚሁ መንገድ በሚጓዙ መኪናዎች ላይ አደጋ ደርሷል። መንገድ ሲታወክ የገበያ ዋጋ ይወደዳል፤ በጓሮው አትክልት፥ በጠርሙሱም ዘር ያለው ቤት ግን ችግሩ ይቀልለታል።

ጁባ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት። በየካቲት የቀኑ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ይደርሳል። የቻይና ጎመን ተጠቅልሎ ራስ ለማበጀት የሚወደው ግን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በጁባ የማይጠቀለለውን፥ በቅጠሉ የሚበላውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ በግንቦት መጨረሻ ይዘራ፤ ጎመኑ የሚያድገው ሙቀቱ ረገብ በሚልበት በሐምሌና በነሐሴ ይሆናልና።

2ኛ፤ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጎ የበሰበሰ ፍግ ማደባለቅ፥ ዘሩንም አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ መዝራትና በላዩ የሣር ዳስ መሥራት ይገባል።

3ኛ፤ ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ፥ ፀሐይ ከበረደ በኋላ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዛወር።

4ኛ፤ ትል ብዙ ጊዜ በቅጠሉ ሥር ስለሚሸሸግ በየጧቱ እያገላበጡ መልቀም ያስፈልጋል። የኒም ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ካደረ በኋላ ተጣርቶ ቢረጭበትም ትሉን ይከላከላል።

5ኛ፤ ሲቀጠፍ ከውጭ ያሉትን ቅጠሎች ብቻ ወስዶ ልቡን መተው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ዘር ማግኘቱ ነው። ይህ ጎመን በሚገባ እንዲያብብ አስቀድሞ ብርድ ሊነካው ያስፈልጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይህን ያለ ወጪ ይሰጣል፤ የጁባ ሌሊት ግን አይሰጥም። መፍትሔው ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጫፉ ብቅ ሲል፥ በማቀዝቀዣ ውስጥ በ5 ዲግሪ ያህል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ማቆየት ነው። በረዶ እንዳይሠራበት መጠንቀቅ ይገባል። ከዚያ በሐምሌ መጨረሻ ቢተከል፥ ፍሬው ዝናቡ በሚያቆምበት ወራት ይደርቃል።

አንዱ ተክል በራሱ ብናኝ ብቻ በሚገባ ስለማያፈራ፥ ለዘር ሃያ ያህል ተክሎች በአንድነት ይተው፤ ንቦቹም አይባረሩ። ሌላ ዓይነት የቻይና ጎመን በአጠገቡ እንዳያብብ መከልከል ያሻል፤ የሐበሻ ጎመን ግን ዘመዱ ቢሆንም ከእርሱ ጋር በቀላሉ አይዳቀልም። ሙቀቱ ፍሬውን ስለሚያሳንሰው ብዙ ዘር መጠበቅ አይገባም፤ ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ ግን አንድ እፍኝ ለብዙ መደብ ይበቃል። የፍሬው ልባስ ቢጫ ሲሆን ሳይፈነዳ ቆርጦ በጥላ ማድረቅ፥ ዘሩንም በተከደነ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ የአንድ ወቅት ምግብ ነው፤ ዘሩን የጠበቀ ግን የከርሞውን ጓሮ ከወዲሁ በእጁ ይዟል።