ንግሥት እሌኒ በነሐስ ገንዘብ ላይ

ንግሥት እሌኒን በየዓመቱ መስከረም 17 ቀን ከቅዱስ መስቀሉ ጋር እናስታውሳታለን። ምስልዋ ግን በሕይወት ሳለች በገበያተኛው እጅ ይዞር ነበር።

ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ነገሥታት ለሕዝቡ ሊነግሩት የፈለጉትን በገንዘብ ላይ ያስቀርጹ ነበር። በ4ኛው ምዕተ ዓመት በአክሱም የተሠራ የነሐስ ገንዘብም «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የግሪክኛ ጽሑፍ ነበረበት።

ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ324 ለእናቱ ለእሌኒና ለባለቤቱ ለፋውስታ «አውጉስታ» የሚለውን የክብር ስም ሰጠ። ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር በሚያህለው የእሌኒ ነሐስ በአንደኛው ገጽ የንግሥቲቱ መልክ፣ በሁለተኛው ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ትታያለች፤ ዙሪያውም በላቲን «የመንግሥት ጸጥታ» ይላል። በፋውስታ ነሐስ ደግሞ ሁለት ሕፃናት የታቀፈች ሴት አለች፤ ጽሑፉም «የመንግሥት ተስፋ» ነው። ነገር ግን በ326 ፋውስታ በባልዋ ትእዛዝ ተገደለች፤ ስምዋም ከድንጋይ ጽሑፎች ተፋቀ። ከ337 በኋላ ልጆችዋ ሲነግሡ እንኳ ለአያታቸው ለእሌኒ ገንዘብ አሳተሙ እንጂ ለእናታቸው አላሳተሙም።

እንግዲህ ነሐስ የሰጠውን ክብር ነሐስ ይነሣዋል። የእሌኒ ክብር መሠረቱ ሌላ ነው። ቅዱስ አምብሮስዮስ በ395 ባሰማው ንግግር፣ አስቀድማ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ እንደ ነበረች ገልጾአል። የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስም ወደ ቅድስት ሀገር በተጓዘች ጊዜ ድሆችን እንደ ረዳች፣ እስረኞችንና በማዕድን ጉድጓድ የሚማቅቁትን እንዳስፈታች፣ ስደተኞችን እንዳስመለሰች ጽፎአል። በገንዘቡ ላይ የተጻፈው ጸጥታ ለእነዚያ ሰዎች የደረሳቸው በዚህ ሥራዋ ነበር።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት እንደ ታሰሩት ላሉ ወገኖች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ታራሚ ስሙ እንደ ፋውስታ የተፋቀ ሊመስለው ይችላል። እኛ በር የማስከፈት ሥልጣን የለንም፤ ነገር ግን ልንጠይቀው፣ ስንቅ ልናቀብለው፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ልናገናኘው፣ ሲፈታም በስሙ ጠርተን ልንቀበለው እንችላለን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ራሱን ከታሰሩት ጋር ቈጥሮአልና።

ለውይይት፦
1. የእሌኒና የፋውስታ ገንዘቦች ስለ ዓለም ክብር ምን ያስተምሩናል?
2. ከቁምስናችን በእስር ላይ ያለ ማን አለ? ማንስ ይጠይቀዋል?