ከአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ከተማ ኮንትራት መኪና አስቀድሞ ስለ መያዝ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነጋዴ እንደ ቀድሞው በበቅሎና በአውቶቡስ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ልብስና የቤት ዕቃ ለማምጣት ወደ መርካቶ የሚወርደውም ሆነ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ዱባይና ወደ ቻይና ገበያ የሚሻገረው፣ እንዲሁም ባቄላውን፣ ምስሩንና ማሩን የሚያሳየው ገዥ ከሩቅ አገር የሚመጣለት ነጋዴ ሁሉ፣ ጉዳዩ በአይሮፕላን መሆኑ እየተለመደ መጥቷል። ነገር ግን በሦስቱም አገሮች መደበኛ በረራ የሚያርፍበት ሜዳ ስለሌለ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ የሚነሣ ሰው ጉዞው በመኪና ተጀምሮ በመኪና የሚያልቅ ነው። አይሮፕላኑ መካከለኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለ ትኬቱ ብዙ የምንጨነቅ ስንሆን፣ ስለ ሁለቱ የመኪና ጫፎች ግን «እዚያው ስንደርስ ይገኛል» ብለን እናልፋለን። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነዚህ ሁለት ጫፎች ነው።

በየብስ የሚሠራው መለስተኛ አውቶቡስና ሚኒባስ ከመናኸሪያ የሚነሣው ሲሞላ ስለ ሆነ፣ ከበረራ ሰዓት ጋር ሊስማማ አይችልም። ስለዚህ ለአይሮፕላን መንገደኛ የሚስማማው ኮንትራት መኪና ነው። «ኮንትራት» የተባለው ቃል ራሱ ትርጓሜው ውል ማለት ነው፤ እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ውሉን ትተን መኪናውን ብቻ ይዘን እንገኛለን። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያሳስተው ሰዓት ነው። በትኬቱ ላይ የሚታተመው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቆጠረው የፈረንጆች ሰዓት ሲሆን፣ ሾፌሩና ነጋዴው የሚነጋገሩበት ግን ከጧት ጀምሮ የሚቆጠረው የአገራችን ሰዓት ነው። አቆጣጠሩን ለመለወጥ አስቸጋሪ አይደለም። በትኬቱ ላይ ከ07:00 እስከ 18:59 የተጻፈ እንደ ሆነ 6 መቀነስ፤ ከ19:00 እስከ 23:59 የሆነ እንደ ሆነ 18 መቀነስ፤ ከ00:00 እስከ 06:59 የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ 6 መጨመር ነው። ስለዚህ 13:40 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ነው፤ 19:30 ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ 02:10 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው።

ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚከብደው ሰዓቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ የሚቈጠረው ከመሸው ቀን ጋር ነው። እንግዲህ በትኬቱ ላይ «ረቡዕ 02:10» የተባለው በረራ በእኛ አነጋገር የማክሰኞ ሌሊት፣ ይኸውም ለረቡዕ አጥቢያ ነው። ወደ ቦሌ ከውጭ አገር የሚመጡ በረራዎች ብዙዎቹ በሌሊትና በማለዳ የሚደርሱ ስለ ሆኑ፣ ይህ ስሕተት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይደርሳል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የተማረው በራሱ ኪሣራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማር ለመግዛት ከውጭ አገር የሚመጣ አንድ እንግዳ ነበረኝ። ናሙናውን አይቶ ወድዶታል፤ የቀረው ማሩን በቦታው አይቶ በዋጋው መስማማት ብቻ ነበር። እንግዳው አዲስ አበባ የሚደርሰው ረቡዕ 02:10 ነበርና፣ እኔም ከነፋስ መውጫ ሆኜ ለሾፌሩ «ረቡዕ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ቦሌ ተገኝ» ብዬ መልእክት ላክሁ። ሾፌሩ አላጠፋም፤ ረቡዕ ሌሊት በ8 ሰዓት ስሙን በካርቶን ላይ ጽፎ በቦታው ተገኘ። እንግዳው ግን የደረሰው በዋዜማው ሌሊት ነበር። የአገር ውስጥ ስልክ ስላልነበረው ሊደውልልኝም አልቻለም፤ እስኪነጋ ድረስ ሻንጣውን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ፣ የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሎ ወደ ሆቴል ገባ። በማግስቱ ሳነጋግረው በትሕትና መለሰልኝ፤ ወደ ጋይንት ግን አልመጣም። ማሩን ከሌላ ስፍራ እንደ ገዛ በኋላ ሰማሁ። ያ ሁሉ ማር ደብረ ታቦር ላይ ለቸርቻሪዎች በርካሽ ወጣ። አንድ ቃል፣ «አጥቢያ» የሚለው ብቻ፣ በመልእክቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ ለሾፌር በሚጻፈው መልእክት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ይገባል። ወሩንም በቁጥር ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ በትኬቱ ላይ 05/01 የተባለው የፈረንጆች ጥር 5 ቀን እንደ ሆነ፣ በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን ነውና። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ቦታው ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ የልደታውን አሮጌ ሜዳ ተክቶ ከተሠራ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እየሰፋ የመጣ ነው። በጥር ወር 1995 ዓ.ም. ትልቁ የመንገደኞች ሕንፃ ተመረቀ፤ እርሱም ተስፋፍቶ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚህም ምክንያት «ቦሌ እንገናኝ» ማለት ዛሬ በቂ አይደለም። የአገር ውስጥ መንገደኛና የውጭ አገር መንገደኛ የሚወጡበት በር የተለያየ ነው፤ ተቀባዮችም የሚጠብቁት ከሕንፃው ውጭ ነው። ከባሕር ዳር የሚደርሰውን ሰው በውጭ አገር መንገደኞች በር ሲጠብቅ የሚውል ሾፌር ጥቂት አይደለም። የሚሻለው ሾፌሩ የመኪናውን የታርጋ ቁጥርና ቀለም አስቀድሞ ልኮ፣ መንገደኛውም ከየት እንደሚመጣና የበረራውን ቁጥር ነግሮት መለያየት ነው። የበረራው ቁጥር በሾፌሩ እጅ ካለ፣ አይሮፕላኑ ቢዘገይ ራሱ አየር መንገዱን ጠይቆ ሊያውቅ ይችላል።

መዘግየት ካነሣን ዘንድ የመቆሚያውን ሒሳብ እንመልከት። ከውጭ አገር ዕቃ ይዞ የሚገባ ነጋዴ፣ አይሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ፓስፖርት ማሳየትና ሻንጣ መጠበቅ አለበት፤ የንግድ ናሙና ይዞ እንደ ሆነም በጉምሩክ ፍተሻ ሊቆይ ይችላል። ሾፌሩ ግን የሚቆጥረው ካረፈበት ጀምሮ ነው። በዚህ የተነሣ ከበሩ ላይ ሲወጡ ጭቅጭቅ ይነሣል። አስቀድሞ «ካረፈበት ጀምሮ ይህን ያህል ሰዓት ያለ ክፍያ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ሰዓት ይህን ያህል ይከፈላል» ተብሎ ቢወሰን ግን ሁለቱም ወገኖች በሰላም ይለያያሉ። ዋጋውም ለመኪናው እንጂ ለአንድ ሰው አለመሆኑ፣ ነዳጁና የመኪና ማቆሚያው በማን እንደሚከፈል፣ ሻንጣው ስንት እንደ ሆነ በግልጽ ይነገር። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ትንሽ አውቶሞቢል የቀጠረ ሰው ሁለተኛ መኪና መክፈሉ አይቀርም።

አስቀድሞ ያልያዘ ሰው በአዲስ አበባ መላ አያጣም። በቦሌ በር ላይ ቢጫ ታክሲዎች አሉ፤ ራይድና ፈረስ የተባሉትም ድርጅቶች ዋጋውን በርቀቱ እያሰሉ መኪና ያቀርባሉ፤ ራይድ በስልክ ቁጥር 8294 ይጠራል። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚሠራ ስልክ ይፈልጋል፤ የአገር ውስጥ ስልክ ለሌለው እንግዳ አይሆንም። ለእንግዳ መኪና መያዝ የባለ ቤቱ ግዴታ ነው።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይናገራል። ስለዚህ ለሾፌር መልእክት ልኮ መልስ ሳይቀበል የተኛ ሰው ውል የለውም፤ ሾፌሩ ባይመጣ ሊወቅሰው አይገባም። «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» የሚል ቃል ከተመለሰለት በኋላ ነው ውል አለኝ የሚለው። ከዚህ ይልቅ የሚያጸናው ቀብድ ነው። በዚሁ ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ለውሉ መደረግ ማስረጃ ነው፤ በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ውሉን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ 2000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሾፌር የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ቢቀር 4000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ብዙ ሾፌሮች ይህን አያውቁም፤ ብዙ ነጋዴዎችም አያውቁም። ነገር ግን በተሰጠው ወረቀት ወይም በተላከው መልእክት ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱ ተጽፎ ይገኝ፤ በቀላሉ «የተከፈለ» ብቻ ከተባለ፣ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ከፊል ነው የሚል ክርክር ያስነሣል።

የአዲስ አበባው ጫፍ ይህን ይመስላል። የአገራችን ጫፍ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ከባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ፣ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል፣ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጉናን ተራራ አጠገብ አልፎ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው አገር የሚወጣ መንገድ ስለ ሆነ፣ ጭጋግና ዝናም ሲኖር አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ የሚሄደው ሰው ከአስፋልቱ ወጥቶ ሌላ ጉዞ ይቀረዋል። ለምሳሌ በረራው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 የሆነ መንገደኛ፣ በ5 ሰዓት ከ40 አይሮፕላን ማረፊያው መድረስ ስላለበት፣ ከነፋስ መውጫ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት መነሣት አለበት፤ ጎማ ቢፈነዳ ግን ትኬቱ ባከነ። በጧት በረራ የሚሄደውማ በዋዜማው ባሕር ዳር ገብቶ ከማደር ሌላ አማራጭ የለውም። የአንድ ሌሊት አልጋ ከባከነ ትኬት ይረክሳል።

በዚህኛው ጫፍ በውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ሌላ ነገርም አለ። ከባሕር ዳር እስከ ጋይንት የሚያደርስ ሾፌር በባዶ መመለሱን አስቦ ዋጋ ይጠይቃል፤ ተገቢም ነው። ግን መንገደኛው በሁለተኛው ቀን የሚመለስ እንደ ሆነ፣ ሾፌሩን አሳድሮ ደርሶ መልስ መዋዋል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የሾፌሩ አዳርና ምግብ በማን እንደሚሸፈን ብቻ አስቀድሞ ይነገር።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ነጋዴው ብዙ ተጎድቷል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከመነሣት በፊት በዋዜማው፣ በመነሻው ቀን ጧትም እንደገና፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሩና በመንገዱ ላይ ካሉ ነጋዴዎች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሌሊትም ባይሄዱ ይመረጣል። በውሉም ላይ «መንገዱ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል፤ ወይም ለሌላ ቀን ይተላለፋል» የሚል ቃል ይጨመር። የማይቻል ነገር ሲደርስ ሕጉ ተዋዋዩን ከኀላፊነት ነጻ የሚያደርግበት ጊዜ ቢኖርም፣ ያንን በዳኛ ፊት ከማስረዳት አንድ መሥመር አስቀድሞ መጻፍ ይቀላል።

ከነፋስ መውጫ ወደ ምሥራቅ ለሚኖረው ነጋዴ አንድ ምክር እንጨምር። በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ለእርሱ ከባሕር ዳር ይልቅ የሚቀርብ ሊሆን ይችላል፤ የላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚገኘው በዚሁ አቅጣጫ ነውና። የእስቴ ሰው ግን በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ቢሄድ ይሻለዋል።

ለሾፌር የሚላከው መልእክት እንደዚህ ቢሆን ይበቃል፤ አንባቢው እንደ ጉዳዩ ሊለውጠው ይችላል፦

«ለአቶ እገሌ። እንግዳዬ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 (በትኬቱ ረቡዕ 02:10)፣ ታኅሣሥ ይህን ያህል ቀን፣ ከውጭ አገር ቦሌ ይደርሳል። የበረራው ቁጥር ይህ ነው። መንገደኛ አንድ፣ ትልቅ ሻንጣ ሦስት። መድረሻው እገሌ ሆቴል። ዋጋው ለመኪናው በሙሉ፣ ነዳጅና ማቆሚያ ጨምሮ፣ ይህን ያህል ብር። ካረፈበት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ያለ ክፍያ ይጠብቃሉ። ቀብድ ይህን ያህል ብር ልኬያለሁ። የመኪናዎን ታርጋና ቀለም ጽፈው፣ መስማማትዎን በጽሑፍ ይመልሱልኝ።»

መልሱ ከመጣ በኋላ ይህንኑ ጽሑፍ ወደ እንግዳው መላክ፣ በቋንቋው ተርጉሞም ማስረዳት ይገባል፤ የሾፌሩን ስምና ታርጋ በእጁ የያዘ መንገደኛ፣ በበሩ ላይ «እኔ ነኝ የተላክሁት» የሚል ሌላ ሰው አያታልለውም። ሒሳቡ ሲከፈል ደግሞ ደረሰኝ መቀበል አይረሳ፤ ደረሰኝ የሌለው የመኪና ወጪ በግብር ጊዜ ከወጪ አይያዝም።