የጊኒ ፒግን መውለጃ ለመተንበይ የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ ያለው ፋይዳ

የጊኒ ፒግ እርግዝና ከ59 እስከ 72 ቀናት ይቆያል። ልዩነቱ ወደ ሁለት ሳምንት ስለሚጠጋ፣ የተጠቃችበት ቀን ቢታወቅ እንኳ ቀን ቆጠራ ብቻውን የመውለጃዋን ዕለት አያመለክትም።

ይበልጥ አስተማማኝ የሆነው ምልክት የሚገኘው ከዳሌ የፊት አጥንቶች መጋጠሚያ ነው። ግልገሎቹ ጠጉር አብቅለውና ዓይናቸውን ገልጠው ስለሚወለዱ ለእናታቸው ዳሌ ትልልቅ ናቸው፤ ያለ መጋጠሚያው መከፈት ሊያልፉ አይችሉም። መውለጃዋ ሲቃረብ ሪላክሲን የተባለው ሆርሞን የመጋጠሚያውን ጅማት ያላላል። ፍሬድሪክ ሂሶ እ.ኤ.አ. በ1926 የዚህን ሆርሞን ተግባር ያሳየው በዚሁ እንስሳ ላይ ነበር። በጣት ሲዳሰስ ክፍተቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ምጡ በ48 ሰዓታት ውስጥ ይጠበቃል።

ዳሰሳው ሌላም ጥቅም አለው። እንስሳዋ ከስድስት ወይም ከሰባት ወር ዕድሜ በፊት ካልወለደች መጋጠሚያው ሊጠነክርና ላይከፈት ይችላል፤ በዚህም የተነሳ እናቲቱም ግልገሎቹም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ቀን ቆጠራው የክትትሉን መጀመሪያ ሲወስን፣ በጥንቃቄ የሚደረግ ዳሰሳ ደግሞ መጠበቅ የሚበቃውን ከቀዶ ጥገና ፈላጊው ይለያል።