የቆላ የጓሮ አትክልት፤ ውሃን ከፀሐይ ማዳን

በቆላ አገር «እዚህ በበጋ አትክልት አይሆንም» የሚል ብዙ ሰው አለ። ጎመኑ በተተከለ በሳምንቱ ይጠወልጋል፤ የቲማቲሙ አበባ ይረግፋል፤ እናትና ልጆች ከሩቅ ቀድተው ያመጡት ውሃ በከንቱ ይቀራል። ነገሩ ሲመረመር ግን፣ ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ እርሱ ከሚጠጣው ይልቅ ፀሐይ ከራቁት መሬት ላይ የምታተነው ውሃ ይበልጣል። ስለዚህ በቆላ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ መሬቱን ማልበስ አለበት።

1ኛ/ መደቡ፦ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ መደብ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። በደረቅ ቆላ ግን ከዙሪያው መሬት ግማሽ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል፤ ውሃው ወደ ውጭ አይፈስም። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ይሁን። ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት አካፋ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዝናቡ ሲበረታ አንዱን ጠርዝ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ጉዝጓዝ፦ ችግኙ ሥር ከሰደደ በኋላ በዙሪያው ደረቅ ሣር ወይም የማሽላ ቅጠል አራት ጣት ያህል ውፍረት ይጎዝጎዝ። ግንዱን እንዳይነካ ትንሽ ራቅ ይበል። ምስጥ ባለበት ስፍራ ጉዝጓዙን በየጊዜው ገልጦ ማየት ይገባል።

3ኛ/ ውሃ፦ በሙቀት ወራት ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ5 እስከ 7 ሊትር ይበቃል። እንግዲህ ከላይ የተባለውን መደብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያጠጣዋል። ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሥሩ ይጠጣ። እቃ የታጠበበት ውሃ ለሙዝና ለፓፓያ ይደረግ፤ በጥሬው ለሚበላ ቅጠል ግን አይሁን።

4ኛ/ የተክል ምርጫ፦ ባሚያ፣ ቃሪያ፣ ስኳር ድንችና ሐብሐብ ሙቀት ይችላሉ። በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላው ሺፈራውም ድርቅን ይቋቋማል። ቲማቲም ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ወይም ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር አበባው ይረግፋል። ስለዚህ ዘሩን በመስከረም አፍልቶ ችግኙን በጥቅምት ቢያዛውሩት አበባው ቀዝቀዝ ባሉት በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርሳል። የችግኝ መደብ ላይ ስስ የሣር ዳስ ይሠራ፤ ከመዛወሩ አንድ ሳምንት በፊት ዳሱ ቀስ በቀስ ይነሣ።

5ኛ/ ፓፓያ፦ ፓፓያ ውሃ ከቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመደቡ በተቃራኒ በጉብታ ላይ ይተከል። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይተከልና አበባ ሲያወጡ ይለዩ። የወንዴው አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሴቴው ከግንዱ ተጠግቶ ይወጣል። በየጉድጓዱ አንድ ሴቴ፣ በጓሮው ውስጥ ደግሞ አንድ ወንዴ ይቅር። ማንጎ ግን ጥላው ስለሚከብድ ከአትክልቱ መደብ ይራቅ።

የበሰለ ፓፓያ፣ ብርቱካንማ ሥጋ ያለው ስኳር ድንችና አረንጓዴ ቅጠል ልጆችን ከዳፍንት የሚጠብቀውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። እነዚህ በጓሮ ካሉ ገበያ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ለልማት ሠራተኞች፦ ይህን በቃል ብቻ አታስተምሩ። በአንድ ገበሬ ጓሮ ሁለት እኩል መደቦች ጎን ለጎን አዘጋጁ፤ አንዱን ጎዝጉዙ፣ ሌላውን ራቁቱን ተዉት፤ ለሁለቱም እኩል ውሃ አጠጡ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጎረቤቶችን ጠርታችሁ ጣታቸውን በሁለቱም አፈር ውስጥ እንዲሰዱ አድርጉ። የትኛው እንደሚሻል ራሳቸው ይነግሯችኋል።